አባቴ በማያውቀው በሽታ ላይ እንዴት ይፈርማል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አማካሪ። የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ 68 ዓመቱ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ እኛ ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከሁለት ዓመት በፊት ሽንቱ ከደም ጋር እየተቀላቀለ ሲያስቸግረው ሆስፒታል ወሰድኩት። የኩላሊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ሳንባውም ተሠራጭቶ ነበር። ውጤቱን ለመስማት ስንሄድ እናቴ ከቤት ሳንወጣ አስምላኝ ነበር፤ «ክፉ ነገር ከሆነ ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ስሙን ከሰማ በዚያው ይወድቃል» ብላ። የማስተረጉመው እኔ ስለ ነበርኩ ዶክተሯ «ካንሰር» ስትል «ኩላሊትህ ላይ ቁስል አለ፣ በመድኃኒት ይደርቃል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው እንደዚያው ቀጠልኩ።

በመጀመሪያ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የሚባሉ ሁለት የኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርጉ) መድኃኒቶች በደም ሥሩ ተሰጡት። ሁለተኛውን ዙር እንደ ወሰደ ተቅማጥ ያዘው። የዘመድ ክርስትና በልቶ ስለ ነበር ምግቡ ነው ብለን ፌጦ በሎሚ እየሰጠን ሰነበትን። ሆስፒታል ስንደርስ ግን አንጀቱ በመድኃኒቱ ምክንያት ክፉኛ ተቆጥቶ ኖሯል። ስቴሮይድ በሚባል ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ዳነ። ከዚያ በኋላ በሚዋጥ መድኃኒት ቆየ፤ አሁን እሱም መሥራት አቁሟል። የሳንባው ዕጢ አድጓል።

ዶክተሯ አንድ ነገር አቅርባልናለች። ካንሰራቸው ለገፋ ሰዎች የሚደረግ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አለ፤ አንድ የታወቀ የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት ከአንድ አዲስ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። አባቴ ከፈለገ የስምምነቱ ቅጽ ተነቦለት ራሱ መፈረም አለበት፣ የሆስፒታሉ አስተርጓሚም ትገኛለች አለች። ቅጹ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ካንሰር» ይላል።

ዳላስ ያለው ታላቅ ወንድሜ «ይህ ዕድል እንዳያመልጠን፣ አንቺ ፈርሚለት» ይለኛል። አክስቴ «ፈረንጅ ሊሞክርበት ነው» ብላ ታለቅሳለች። እናቴ ስለ ጥናቱ ግድ የላትም፤ ብቻ የበሽታው ስም እንዳይነገረው። አባዬ ራሱ ደግሞ ለጥምቀት አገሬ ውሰዱኝ ይላል። ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን ሳለ በድንገት «የደብረ ማርቆሱ ዕድሬ መዋጮ ተከፍሏል?» ብሎ ጠየቀኝ። ተከፍሏል አልኩት።

ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ኢንሹራንሱ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ስለሆነ እሱም ያሳስበኛል። ፈርሜለት ዝም ልበል? ወይስ ጥናቱ ይቅርብን?

ልጁ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትፈርሚ። አባትሽ አእምሯቸው ሙሉ የሆነ ሰው ናቸው፤ ልጅ ወይም ሚስት ስለ እሳቸው ፈርሞ ጥናት ውስጥ የሚያስገባበት መንገድ የለም። ሆስፒታሉም አይቀበልሽም፤ ቢቀበልሽ ኖሮ ከዚያ ሆስፒታል ውጡ እልሽ ነበር። አስተርጓሚዋ ተቀምጣ ቅጹን ስታነብላቸው ደግሞ ሁለት ዓመት የሸሸሽው ቃል ከማያውቋት ሴት አፍ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩን ከቀጠሮው በፊት፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ከወገን አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ጥናቱ ውስጥ ቢገቡም ባይገቡም።

ይህን የምልሽ አንቺንም እናትሽንም ልወቅስ ብዬ አይደለም። እናትሽ ያሉት በስንት ቤት የተባለ ነው። ብዙዎቻችን «ያ ክፉ በሽታ» እያልን፣ ስሙን ሳንጠራ ዘመድ ያስታመምን ሰዎች ነን። እናትሽ ባላቸውን ከአንድ ቃል ሊጠብቁ ፈለጉ፤ ቃሉ ግን አልጠፋም፣ አንቺ ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሐኪሟን ፊት እያየሽ ለአባትሽ ሌላ ነገር ስትነግሪ፣ አንቺን እንዴት ነሽ ያለሽ ሰው ነበር? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ የሁሉም ሐሳብ አለ፤ የአንቺ ስሜት ብቻ የለም።

ለመሆኑ አባትሽ ምንም አያውቁም ብለሽ ታምኛለሽ? ለጥምቀት አገሬ ውሰዱኝ የሚሉ፣ ቡና መሐል ስለ ዕድር መዋጮ የሚያጣሩ ሰው ስለ ኩላሊት ቁስል እያሰቡ አይመስለኝም። ዕድር ለምን እንደሚከፈል እሳቸውም አንቺም ታውቃላችሁ። ምናልባት እናንተ እሳቸውን እንዳታስደነግጡ ዝም ስትሉ፣ እሳቸውም እናንተን እንዳያስደነግጡ ዝም ብለው ይሆናል። ያቺ ጥያቄ በር የማንኳኳት ያህል ነበረች፤ አንቺ «ተከፍሏል» ብለሽ መለስሽላቸው። እኔም አንቺን ብሆን ያንኑ የምል ይመስለኛል።

ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ተቅማጡ ነው። አባትሽ የወሰዱት ዓይነት መድኃኒት የሚያስከትለው የአንጀት መቆጣት ቶሎ ከተደረሰበት በስቴሮይድ ይታከማል፤ ከዘገየ አንጀት እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። የተለመደው የኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ ዓይነት አይደለም። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ያልተለመደ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ሁሉ በሰዓቱ ለሐኪም መነገር አለበት፤ አንዳንዱ መድኃኒቱ ከተወሰደ ወራት ካለፉ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ምን እየወሰደ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን ሆዱን ሲቆርጠው የክርስትናው ክትፎ ነው ይላል፤ እናንተም አላችሁ። አሁን ደግሞ የሚጨመረው ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና እያጠኑት ያለ መድኃኒት ነው። አዲስ ምልክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማቸው አባትሽ ናቸው። የራሳቸውን ገላ የሚጠብቁበትን እውቀት ነፍገናቸው ጥናት ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነው። ወንድምሽ ይህን አላሰበው ይሆናል፤ ንገሪው።

ስለ ጥናቱ ራሱ፣ ሐኪም ስላልሆንኩ የአባትሽን ጉዳይ መበየን አልችልም፤ ዶክተሯን ስታገኙ እንዳትደናገሩ ያህል ግን ላስረዳሽ። ሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ የገዛ አካላችንን እንዳይጎዱ የሚገታቸው ልጓምም አላቸው። ካንሰር ይህን ልጓም ይዞ ይስብና ሕዋሳቱን ያስቆማል። እነ ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ ልጓሙን ያስለቅቁታል። መንገዱን የከፈቱት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ልጓሙ አንድ ብቻ ስላልሆነ ተመራማሪዎች ሁለት መድኃኒት እያጣመሩ ይሞክራሉ። ልጓሙ በላላ ቁጥር ግን ሕዋሳቱ በጤነኛው አንጀት፣ ጉበት፣ ሳንባ፣ አልፎ አልፎም በልብ ላይ መነሣት ይጀምራሉ። የአባትሽ ተቅማጥ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ዋና ዓላማ መድኃኒቱ ሳይጎዳ ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ማወቅ ነው። ማዳኑ ተስፋ ይደረጋል እንጂ ጥናቱ ለዚያ አልተቀረጸም። ብዙውን ጊዜ ሦስት ያህል ሰዎች በዝቅተኛ መጠን ይጀምራሉ፤ ከባድ ጉዳት ካልደረሰባቸው ቀጣዮቹ ከፍ ያለ መጠን ይወስዳሉ፤ ጉዳት ከታየ እዚያው ላይ ሰው ይጨመራል ወይም ይቆማል። ስለዚህ ዶክተሯን የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «አባታችን የሚገቡት ስንተኛው መጠን ላይ ነው?» የሚለው ይሁን። መጀመሪያ የሚገቡት ለመጥቀም የማይበቃ መጠን ሊደርሳቸው ይችላል፤ መጨረሻ የሚገቡት ደግሞ ከጉዳቱ ድንበር አጠገብ ናቸው። ይህን ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ሳይጠይቀው ይቀራል።

አባትሽ ቀድመው የወሰዱት ጥምረትም በዚሁ በር ነው ያለፈው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር የጸናባቸው 53 ሰዎች ሁለቱን መድኃኒቶች አብረው ወሰዱ። ከእነዚህ 40 በመቶዎቹ ዕጢያቸው በጉልህ ቀነሰ፤ 53 በመቶዎቹ ደግሞ ከመድኃኒቱ የተነሣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ደረሰባቸው። ሁለቱም አኃዝ የአንድ ጥናት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ጥምረቱ በአሜሪካ በ2015 ለሜላኖማ፣ በኤፕሪል 2018 ደግሞ ለገፋ የኩላሊት ካንሰር ተፈቀደ። በዚያው በኤፕሪል 2018 ሌላ ዜና ተሰማ። ኤፓካዶስታት የተባለ መድኃኒት ፔምብሮሊዙማብ ከሚባለው ሌላ ልጓም አስለቃቂ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ከ700 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ግን ፔምብሮሊዙማብ ብቻውን ከሚያደርገው የበለጠ እንዳልረዳ ታወቀ። ወንድምሽ የመጀመሪያውን ታሪክ ያነበበ ይመስለኛል። ሁለተኛውን ዓይነት ታሪክ በይነመረብ ላይ በደስታ የሚያጋራ የለም።

በአጠቃላይ ምን ይመስላል ካልሽ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ድጋፍ ከ2000 እስከ 2019 የተደረጉ የመጀመሪያ ደረጃ የካንሰር ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በኋለኞቹ ዓመታት ዕጢያቸው በጉልህ የቀነሰላቸው ከመቶው 18 ያህል ነበሩ። በመድኃኒቱ ምክንያት የሞቱት ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ 0.7 በመቶ። ዕጢ ቀነሰ ማለት ግን ሰው ዳነ ማለት አይደለም፤ አባትሽም በአማካይ አኃዝ አይለኩም፤ በተለይ አንድ ጊዜ አንጀታቸው የተቆጣ ሰው ስለሆኑ። ያ ታሪክ ከጥናቱ ሊያስቀራቸውም ይችላል። የጥናቱ ነርስ ስትጠይቃችሁ ሳታሳንሱ ንገሯት። ፌጦውንም፣ ሌላ ቤት ውስጥ የሚሰጣቸው ሥር ወይም ቅጠል ካለም፣ ጾሙንም ጭምር።

አክስትሽን አታጣጥያቸው። ፈረንጅ ድሃና ጥቁር ሰው ላይ ያደረገው ግፍ ተጽፎ ያለ ነው፤ ፍርሃታቸው ከሜዳ አልመጣም። ዛሬ ግን ጥናቱ በሥነ ምግባር ቦርድ ተመርምሮ ነው የሚጀመረው፤ ተሳታፊው ምክንያት ሳይሰጥ በፈለገ ቀን ይወጣል፤ በመውጣቱም የተለመደ ሕክምናውን አይነፈግም። ሙከራ መሆኑንም ቅጹ በግልጽ ይናገራል። እስካሁን ከአባትሽ የደበቀው ፈረንጁ ሳይሆን እኛው ነን፤ ይህን ለአክስትሽ በለዘበ ቋንቋ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።

ደግሞም ምርጫው ጥናቱ ወይም ባዶ እጅ አይደለም። ዶክተሯን «ጥናቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሰጧቸው ነበር?» በያት። ለኩላሊት ካንሰር የተፈቀዱ ሌሎች የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ለአባትሽ ይሆኑ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ሕመምን፣ ድካምንና የትንፋሽ ማጠርን የሚያስታግሰው ሕክምና ጥናቱ ውስጥ ቢገቡም ባይገቡም ከአሁኑ ሊጀመር ይችላል፤ የመጨረሻ ሰዓት ሕክምና ነው ብላችሁ አትሽሹት። ሌላ ሐኪም ማማከርም ነውር የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች የምርምር ሆስፒታል እዚያው ቤተስዳ ላይ ጎረቤታችሁ ነው፤ እዚያ ጥናት ውስጥ የገባ ሰው ለሚሰጠው የጥናት ሕክምና አይከፍልም።

ወደ ከባዱ ልመለስ። እንዴት ይነገራቸው? መጀመሪያ ከእናትሽ ጋር ለብቻችሁ ተቀመጡ። ፈቃድ ለመጠየቅ አይሁን፤ «እማዬ፣ ቢሰማ ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» ብለሽ ጠይቂያት፣ ሳታቋርጪም ስሚያት። ከዚያ አስተርጓሚ እንደሚመጣ፣ በቀጠሮው ቀን መስማታቸው እንደማይቀር፣ ጥያቄው ከማን የሚለው ብቻ እንደሆነ ንገሪያት። ወንድምሽ ከቻለ ከዳላስ ይምጣ። አባትሽ የንስሓ አባት ካላቸውና የሚወዷቸው ከሆነ ይገኙ። ክፉ ወሬ ለሰው ብቻውን አለመንገርን ከወላጆቻችን የተማርን ሕዝብ ነን፤ ያ ብልሃት ለዚህም ይሠራል። ብቻ መርዶ አታስመስሉት፤ እንደ መርዶ ማለዳ በር አንኳክቶ ሰው የሚሰበሰብበት አይሁን፤ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ጥቂት ሰው ብቻ ሆኖ።

ሲጀመር ደግሞ ከመናገር በፊት ጠይቂያቸው። «አባዬ፣ ሐኪሞቹ ስለ ሕመምህ የሚያውቁትን ሁሉ ልንገርህ ወይስ ለእኛ ትተውልናለህ?» ንገሩኝ ካሉ ስሙን ጠርተሽ ንገሪያቸው፤ ዞር ዞር አትበይ። የት የት እንዳለ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሠራና የትኛው እንዳልሠራ በጥቂት ቃል። እስካሁን ያልነገርሻቸው ፈርተሽ እንደሆነም ንገሪያቸው። ከዚያ ዝም በይ፤ ዝምታቸውንም አትሙዪባቸው። «ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ አልስማ» ካሉ ደግሞ እሱም መብታቸው ነው፤ አሁን ግን የመረጡት እሳቸው ይሆናሉ። ያኔ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አይሆናቸውም፤ ቅጹን ሳይረዱ መፈረም ስለማይቻል። ለዶክተሯ ያንኑ ንገሪያትና ሌላውን መንገድ ተነጋገሩ።

ቀጠሮው ጊዜ እንዲሰጣችሁ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ ደውለሽ በአንድ ሳምንት አስገፊው፤ ቦታው እስከዚያ ይቆይ እንደሆነም ጠይቂ። የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ አስይዙ፤ ሆስፒታሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አንቺ ከእንግዲህ አታስተርጉሚ። ልጅ ሆነሽ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ያልገባሽንም ጠይቂ። ቅጹን እዚያው አትፈርሙ፣ ቤት ይዛችሁት ሂዱ። ከመጠኑ ጥያቄ ሌላ፣ እስካሁን ስንት ሰው እንደወሰደውና ምን እንደደረሰባቸው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለ፣ ናሙና በመርፌ ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ሌሊት ቢያማቸው ለማን እንደሚደወል ጠይቁ። የመጨረሻውን ስልክ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።

ስለ ኢንሹራንሱ፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሜዲኬድ እንዲህ ባለ ጥናት ውስጥ ላለ ሰው የተለመደውን የሕክምና ወጪ፣ ማለትም ቀጠሮውን፣ የላቦራቶሪ ምርመራውንና የጎንዮሽ ጉዳት ሕክምናውን እንዲሸፍን በሕግ ግዴታ ተጥሎበታል። አዲሱን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ጥናቱን የሚያካሂደው ወገን ነው። የቀረውን፣ መጓጓዣን ጨምሮ፣ የጥናቱን አስተባባሪ ጠይቂና በጽሑፍ ይስጡሽ።

የቀረው ጥምቀት ነው። የእነዚህ ጥናቶች የመጀመሪያ ሳምንታት ጥብቅ ክትትል ስላለባቸው ጥናቱ ውስጥ ከገቡ የዘንድሮ ጥምቀት ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሆንላቸው አይመስለኝም። ይህ ለአባትሽ ከጎንዮሽ ጉዳቱ የሚበልጥ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ሳይነገራቸውም ሊመዝኑት አይችሉም። ዶክተሯን ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ሳንባቸው የአውሮፕላኑን ጉዞ ይችለው እንደሆነ፣ አገር ቤት ደርሰው ቢመለሱ ደግሞ ጥናቱ ውስጥ መግባት ይችሉ እንደሆነ። መልሱን ይዘሽ ለእሳቸው አቅርቢላቸው። ጥምቀትን ከመረጡ ወንድምሽ ደውሎ ይቆጣሽ ይሆናል። ያን ጊዜ አትከራከሪው፤ ስልኩን ለአባትሽ ስጪያቸው።